ከቅዳሴ ያስቀረ ድድ

የብርጓል ስትስቅ ጎረቤት ይሰማል፤ ስትቆጣ ደግሞ ጣና ማዶም ሳይሰማ አይቀርም። ባሕር ዳር፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የጥርስ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ስትሠራ፣ ቁጣዋን ሳይቀምስ አፉን ገጥሞ የወጣ ሰው የለም። ግን እጇ! እጇ ጥጥ ነው። የሰባታሚት ገበሬም ይሁን የፋብሪካ ሠራተኛ፣ አንዴ የታከመ ሁሉ «ያች ቁጡዋ ሴትዮ አለች?» እያለ ተመልሶ ይመጣል።

ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። አባቷ ቄስ ገብረ ክርስቶስ ዱርቤቴ አጠገብ በአንድ ገጠር ደብር ይቀድሱ ነበር። ድዳቸው ይደማ ጀመር። ደም የሚፈሰው ሰው መቅደስ አይገባምና፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቅጽሩ ውጭ፣ ከዋርካው ሥር ቆመው አስቀደሱ። «ኃጢአቴ ነው» እንዳሉ አረፉ። የብርጓል ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ዓመት፣ ድድን የሚያደማው ምን እንደሆነ አስተማሪዋ ሲያስረዳ ሰማች። ደብተሯን ትታ ወጥታ አለቀሰች። ለካ በመፋቂያ የሚለቅ ነገር ኖሯል!

ባለፈው ሐምሌ አጋማሽ ቄስ ወልደ ዮሐንስ የሚባሉ ካህን ከቁንዝላ በጀልባ መጡ። የብርጓል መስቀል ተሳልማ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። እሳቸው ግን አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

«ምን ሆኑ፣ አባቴ?»

«ድዴ ይደማል፣ ልጄ። ቅዳሴ አምስት ሆነን ነው፤ እኔ ከቀረሁ አራት ነን። ፍልሰታ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቀረው። ያ ሁሉ ሰው ሊቆርብ መጥቶ ቅዳሴው ሊታጎል ነው።» እንባቸው መጣ።

«ጥርስዎን ይፍቃሉ?»

«ኧረ ከተውሁት ዓመት አለፈኝ! በወይራ ስፍቅ ነው እኮ የሚደማው። እንዳይደማ ብዬ ተውሁት።»

የብርጓል ጓንቷን አውልቃ ወረወረችው። «ወይኔ! ወይኔ አባቴን!» አለች። የትኛውን አባቷን እንዳለች ቄሱ አላወቁም። «ይቅር ይበሉኝና፣ ምን ጉድ ነው የሠሩት! የሚደማው ስለፋቁት አይደለም፣ ስላልፋቁት ነው!»

«እንዴት ሆኖ?»

«የጀልባ መውረጃው ድንጋይ ሳይፈገፈግ ሲከርም ምን ይሆናል?»

«ያሙለጨልጫላ! ዛሬ ራሴው ልወድቅ ነበር።»

«ጥርስዎም እንደዚያው ነው።» ጥርሳቸውን በጥጥ ቀይ ቀለም ቀብታ መስታወት ሰጠቻቸው። ቄሱ ደም መስሏቸው አማተቡ። «ቀለም ነው፣ አይደንግጡ። የቀላው ሁሉ ጥርስዎ ላይ የተለጠፈ ቆሻሻ ነው። ዓይን የማያያቸው ተሕዋስያን ከምግብ ትራፊ ጋር በየቀኑ ይሠሩታል። ገና ለስላሳ ሳለ መፋቂያም ያስለቅቀዋል፤ ከተዉት ይደነድናል፣ ድዱን ያሳብጠዋል፣ ያደማዋል። እርስዎ ደሙን ፈርተው ሲሸሹ እሱ ተደላድሎ ተቀመጠ!»

የደነደነውን በሁለት ቀን ጠርጋ አወጣችላቸው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋትና ማታ ይፋቁ ስትላቸው ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። በፍልሰታ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ውኃ ባፋቸው አይዞርም፤ ከቆረቡ በኋላም ምራቅ አይተፉም። ሌላ ባለሙያ ቢሆን «እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ» ብሎ በሸኛቸው ነበር። የብርጓል ግን የቄስ ልጅ ናት፣ ቁጭ ብላ አሰበችበት።

«እሺ፣ በፍልሰታ ማታ ብቻ ይሁን። በልተው ሲጨርሱ፣ ከመተኛትዎ በፊት። የመፋቂያውን ጫፍ ብሩሽ እስኪመስል ያኝኩት። ከዚያ ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበትን፣ ከፊትም ከኋላም፣ አንድ ጥርስ ሳይዘሉ፣ በቀስታ። ሰሞኑን ትንሽ ይደማል። ቢደማም እንዳይተዉት! ከተዉት እቆጣለሁ።»

«ከዚህም በላይ ልትቆጪ?» አሉ ቄሱ።

እሳቸው ከሄዱ ወዲያ የብርጓል ሥራ ላይ ሆና ልቧ ቁንዝላ ነበር። ያልኳቸው ባይሆንስ? እኒህም እንደ አባቴ ከዛፍ ሥር ቢቀሩስ? ነሐሴ አንድ፣ ፍልሰታ በገባበት ቀን፣ አላስችል ብሏት ፈቃድ ጠየቀችና በጀልባ ተሻገረች።

ስትደርስ ቅዳሴው ተጀምሯል። ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ከቅጽሩ ውጭ ወዳሉት ዛፎች ነው። ከሥራቸው አንድም ካህን አልነበረም። ጫማዋን አውልቃ ገብታ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። መጋረጃው ሲገለጥ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ከአራቱ ጋር መቅደስ ውስጥ ቆመው ነበር፤ ሙሉ አምስት።

ሕዝቡ ቆርቦ፣ ቅዳሴው አልቆ ሲወጣ የብርጓል መስቀል ልትሳለም ቀረበች። ቄሱ አዩዋት። ግራ ቀኙን ቃኙና፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ የታች ከንፈራቸውን በጣታቸው ሳብ አድርገው አሳዩዋት። ድዳቸው ደም የለበት፣ እብጠት የለበት! ሴቶቹ «ምነው፣ አባ ምን ነካቸው?» ተባባሉ። የብርጓል ያን ሳቋን ለቀቀችው።

ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። «አባዬ» አለች፣ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቅጽር ውጭ ቆመው አረፉ! በመፋቂያ የሚለቅ ነገር ነበር እኮ!»

ቄሱ ያን ቀን የትኛውን አባቷን እንዳለች አሁን ገባቸው። መስቀላቸውን ራሷ ላይ አድርገው፣ የአባቷን ስም ጠየቋት። «ገብረ ክርስቶስ» አለች። ነገ በቅዳሴው በመቅደስ ውስጥ ስማቸውን እንደሚጠሩ ነገሯት።