እጄን ያወቁልኝ ሴት

ከደብረ ሲና የወጣሁት ጠዋት ጉሙ ሳይገፈፍ ነው። ጣሊያን ቤታችንን ካቃጠለ ሳምንት ሆኖታል፤ ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላለች ብለው ይፈልጉኝ ነበር። እናቴ «ወደ ቆላ ውረጂ፣ እዚያ የሚያውቅሽ የለም» ብላ በሶ ቋጠረችልኝ። እሷ ግን አልወጣም አለች።

ሸዋ ሮቢት ስደርስ፣ እናንተ ደጋ ያላችሁ አታምኑኝም፣ ሙቀቱ ትንፋሽ ይነሳል። ብርድ ይናፍቅሻል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር! ገብስ የለመደው ሆዴም ማሽላውን እንቢ አለ። እትዬ ዘሃራ የሚባሉ አሮጊት ወጌሻ አስጠጉኝ። ውሃ እቀዳላቸዋለሁ፤ አጥንቱ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ደግሞ በሽተኛውን እይዝላቸዋለሁ።

ጣሊያኖቹ «ፔርሜሶ» የሚሉትን የመኖሪያ ወረቀት ላወጣ ቢሮ ሄድኩ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለኝ አስተርጓሚው።

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ሥራ የለም። ሥራ የሌለው ወደ መጣበት ይመለስ ተብሏል።»

«ከመጣሁበት ያባረሩኝስ እነሱ አይደሉ?»

«ይሄንን አልተረጉመውም» አለና የስምንት ቀን ጊዜ ሰጠኝ።

ለእትዬ ዘሃራ ነገርኳቸው። በሦስተኛው ቀን፣ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ የወደቀበት ከድር የሚባል የጀውሃ ሰው በቃሬዛ መጣ። ቅልጥሙ ተሰብሯል። እንደ ልማዴ ልይዘው ስቀመጥ፣

«ዛሬ የምይዘው እኔ ነኝ፤ አንቺ አቅኚው» አሉኝ።

«እኔ? ሽባ ላደርገው?»

«በያዝሽ ቁጥር እጅሽ ከእኔ ቀድሞ ስብራቱን ያገኘዋል። አንቺ አላወቅሽም እንጂ እኔ ሳይ ከርሜያለሁ። ይልቅ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

ከድር አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አየና፣ «በአላህ፣ መጀመሪያ እናንተ ተስማሙ» አለ።

እሳቸው «ቢስሚላሂ» ሲሉ እኔ አማተብኩ። ከቆዳው ሥር የአጥንቱ ጫፍ ጣቴን ነካኝ። ሳብኩት፤ ቦታው ሲገባ ታወቀኝ። ከዚያ በእንጨት ደግፌ አሰርኩት።

ቢሮ ተመልሼ «ወጌሻ ነኝ» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ።»

ጻፈልኝ።

አሁን በሽተኛ ሲመጣ እትዬ ዘሃራ ከጥላው ሳይነሱ «እሷ ዘንድ ሂዱ» ይላሉ። ባለፈው ሰሞን አንድ የደብረ ሲና ነጋዴ ክንዱ ወልቆ መጣ። እያሸሁለት ስለ እናቴ ጠየቅኩት።

«ደህና ናት። ልጅሽ ወጌሻ ሆነች ብንላት፣ ‹የእኔዋ አይደለችም፣ የእኔዋ ደም ስታይ ትወድቃለች› ብላ ሳቀችብን» አለኝ።

እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ እንባዬ መጣ።

«ራሷ ናት በላት» አልኩት። «እስክመጣ እንዳትሞትብኝም ንገርልኝ።»