አንድ ዓይን ያለው በራሪ ሰው

ልጅ ሳለሁ ቤታችን በጠረኑ ነበር የሚታወቀው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ስለነበር፣ ከቀለሙ ጋር የሚቀላቅለው የቆዳ ሙጫ ሲፈላ ከፒያሳ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያልፍ ነበር። አንድ ክረምት ግን ሌላ ሽታ ገባ፤ የናፍጣ ሽታ። የእናቴ ወንድም በአስመራ መንገድ የጭነት ማኪና ይነዳ ነበርና ሁለት የፈረንጅ የሥዕል መጽሐፎች አምጥቶ ጭኔ ላይ ጣለልኝ።

ፊደሉን የሚያውቅ በሰፈሩ አልነበረም። ፊደሉን ማን ፈለገው! አንደኛው የቀልድ ነበር፤ አንድ ቦርጫም ሰውዬ በየገጹ መሰላል ይወጣል፣ ይወድቃል፣ የቀለም ባልዲ ውስጥ ይዘፈቃል። እኔና የጎረቤታችን ልጅ የሺ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አንዱ ሰው በአንድ ገጽ ስድስት ጊዜ መሣሉ አላደናገረንም፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ ሲወለድ፣ ሲሰደድ፣ ሲያርፍ በረድፍ እያየን ነው ያደግነው። ሁለተኛው ግን ነፍሴን ነው የወሰዳት። አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ቢጫ ካባው ከኋላው እየተርገበገበ፣ ያለ ክንፍ ይበራል! ክንፍ የሌለው ሰው ሲበር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዓይኑ ነው። በእኛ አገር ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን ወደ እኛ ያዞራል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል፤ ክፉው በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። የሰዓሊ ልጅ ነኝና ይህን ማን ይነግረኛል? በራሪው ሰውዬ ታዲያ ሁልጊዜ በጎን ነበር። ሁለት ዓይን ያለው ደግሞ ከረጢት ተሸክሞ ከባንክ የሚወጣው ሰው ሆነና፣ ምጽዋት ሊሰጥ ነው አልን። ያ ባለ አንድ ዓይን ከሰማይ ወርዶ ሲደበድበው እኔና የሺ እሪ ብለን አለቀስን።

እናቴ ለቅሷችንን ሰምታ መጣች፤ አየችው። "በስመ አብ! ምን ጉድ ነው ቤቴ የገባው? አባትሽ ይምጣ ብቻ፣ እሳት ነው የሚገባው!" ብላ ሁለቱንም መጽሐፎች ብብቷ ሥር ሸጎጠቻቸው። ቀሚሷን ይዤ ለመንኳት፤ ወይ ፍንክች! በራሪው ክፉ መሆኑን አምኜ ነበር፤ መቃጠሉን ግን አልቻልኩትም።

አባቴ ለምሳ መጣ። እጁን ታጥቦ የበራሪውን መጽሐፍ ተቀበላትና፣ ብርሃን ፍለጋ በሩ ላይ ተቀመጠ። አንድ ገጽ ገለጠ፤ ሌላ ገለጠ። ምሳው ቀዘቀዘ። እናቴ ሁለት ጊዜ ጠራችው፤ አልሰማትም። ከበራሪው ኋላ የተሰመሩትን ቀጫጭን መስመሮች በጣቱ ተከትሎ፣ "ነፋሱን ሣለው እኮ!" አለ ለራሱ። "የማይታየውን ነፋስ!"

"ምነው፣ አንድ ዓይን መሆኑ አልታየዎትም?" አለች እናቴ።

"እጁን እዪው" አላት። በራሪው ከሚነድ ቤት ሕፃን ይዞ ሲወጣ የሚያሳይ ሥዕል ነበር፤ እኛ ሕፃኑን እየነጠቀ ነው ብለን ነበር። "አንገቱን እንዴት አድርጎ እንደደገፈው አየሽ? ሊነጥቅ የመጣ እንዲህ አያቅፍም።"

እናቴ አጎንብሳ አየች። አምስት ልጅ ያሳደገች ናት፤ ያንን አያያዝ ታውቀዋለች። "እንግዲያው ከዳዊቱ አጠገብ እንዳይቀመጥ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግሥቱ አባቴ እኔን ካርቶን ላይ ሣለኝ፤ በጎን፣ ስሮጥ፣ ሦስት መስመር ነፋስ ከኋላዬ። እናቴ "ልጄን በአንድ ዓይን!" ብላ ተቆጣች፤ እሱ ሳቀ። ደግ ሰው በጎን ሲሥል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መጽሐፎቹ በእጅ ብዛት አለቁ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሰው ከሕንፃ ሕንፃ ሲበር በስልክ እያዩ ያዛጋሉ። አልፈርድባቸውም፤ የእነሱ ሥዕል ራሱ ይሮጣል፣ የያኔውን ግን እኛ ነበርን የምናስሮጠው። እኔን እስካሁን የሚደንቀኝ፣ ግድግዳ ሙሉ መላእክት የሣለ ሰው በልጆች መጽሐፍ ላይ እንደዚያ አቀርቅሮ መዋሉ ነው። ካርቶኑ ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል። ትንሿ የልጅ ልጄ ባየችው ቁጥር "እማማ፣ ሌላው ዓይንሽስ?" ትለኛለች።

"እየሮጥኩ ነበር" እላታለሁ።