አማልፊ ከተራራው ጀርባ

የምሥራች ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር ባለ አንድ የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ ከተቀጠረች አሥራ ስድስት ዓመት ሆናት። የሰው ዕቃ ዓለምን ሲዞር እያየች፣ እሷ ጠዋት ኪሌሌሽዋ ሰፈር ካለው ቤቷ ትወጣለች፤ ማታ በዚያው መንገድ ትመለሳለች። ለራሷ የተመኘችው ጉዞ አንድ ብቻ ነበር፦ በደቡብ ጣሊያን፣ ከሳሌርኖ ወደብ በመርከብ ተነሥቶ፣ ገደል ላይ የተንጠለጠሉትን ከተሞች እያዩ አማልፊ መድረስ። ልጅ ሳለች የጂኦግራፊ መምህሯ ያንን ጫማ መሰል አገር በጠመኔ ሥለው፣ «በዚህ በኩል ባሕሩ እንደ ቀለም ብልቃጥ ሰማያዊ ነው» ብለው ነበርና ከልቧ አልወጣም።

ዘንድሮ ባሏን ሚናስን የሚሠራበት የእርዳታ ድርጅት ለስብሰባ ናፖሊ ሲልከው፣ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ተከተለችው። ነፃ ቀናቸው ቅዳሜ ብቻ ነበር። ቅዳሜም ገና ከናይሮቢ ሳይነሡ ባለቤት አገኘ። እዚያው ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ወዳጃቸው ጥሩሰው፣ በርበሬና ሽሮ ጠቅልሎ መጣና፣ «ሳሌርኖ ላለችው እኅቴ ነው፤ መቼም መንገዳችሁ ነው» አለ።

«ደጃፏ ላይ ሰጥተን ወደ ወደቡ ነው» አላት ሚናስ።

«ደጃፍ ላይ ተቀብሎ የሚያሰናብት ሐበሻ የት አይተህ ታውቃለህ?»

እውነትም አላየም። ቅዳሜ ሳሌርኖ ሲደርሱ፣ የጥሩሰው እኅት እትዬ ሚዛን ሁለቱንም እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው። ዶሮው ተሠርቶ ደርሷል። እትዬ የሰው አገር አሮጊት ሲያስታምሙ የኖሩ፣ በአማርኛ የሚያወራቸው የናፈቃቸው ሴትዮ ናቸው። የጥሩሰውን ልጆች በየተራ ጠየቁ፤ የሞቱትን አንሥተው አለቀሱ። መጋረጃው ለሙቀቱ ተዘግቷል፤ ከመጋረጃው ወዲያ የመርከብ ጡሩምባ ይሰማል።

የምሥራች በጠረጴዛው ሥር የሚናስን እግር ነካች። እግሩን ሰበሰበ።

«መርከቡ እንዳያመልጠን ብለን ነው፣ እትዬ» አለች ራሷ።

«መርከብ ሞልቷል፣ የኔ ልጅ። ባሕሩም የትም አይሄድ። ይልቅ አፈር ስሆን፣ ይቺን።» ጉርሻው አፏን ሞላው። «ናይሮቢ እንዲህ ነው የምትበሉት? ወንድሜ በምግብ ቤቱ እያስራባችሁ ነው ማለት ነው።»

ሚናስ ከት ብሎ ሳቀ። የምሥራችን ያናደዳት ይኸው ሳቁ ነው። ጫማውን አውልቆ፣ ተደላድሎ ተቀምጧል። ቀጥሎ ለጥሩሰው በቪዲዮ ተደወለ፤ ጥሩሰው ደግሞ ስልኩን ይዞ ኩሽና ገባና አብሳዮቹን አንድ በአንድ ሰላም አስባላቸው። ጡሩምባው እንደገና ተሰማ።

የምሥራች ብድግ አለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። እኔ ልሂድ።»

«ምን አስቀየምኩሽ?» አሉ እትዬ ሚዛን።

«ምንም። ባሕሩን ለማየት ነበር የመጣሁት።»

በሰው ቤት እንዲህ ተናግራ አታውቅም። ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ወደቡ ስትደርስ ግን ቲኬት ቆራጩ መስኮቱን እየዘጋ ነበር፤ ወደ አማልፊ የሚሄደው የመጨረሻው መርከብ ነጭ አረፋውን ጎትቶ ርቋል።

ቆየት ብሎ ሚናስ እትዬ የቋጠሩላቸውን ምግብ አንጠልጥሎ መጣና፣ ወደቡ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ፖሌ፣ የሙ» አላት። ካጠፋ ይቅርታ የሚጠይቀው በስዋሂሊ ነው።

«አማልፊ በየት በኩል ነው?»

«ከዚያ ተራራ ጀርባ።»

ተራራውን አየች። ከተራራነት ሌላ ምንም የለውም።

«እትዬ ካንቺ በኋላ አለቀሱ» አለ።

«ያሳዝናሉ፤ ብቸኛ ናቸው። ለኔስ ማን ያዝናል፣ ሚናስ? አንድ ቀን ነበረኝ።»

በማግሥቱ ማለዳ ወደ ናይሮቢ በረራ አላቸው።

ከአማልፊ የተመለሰ መርከብ መጥቶ ሰዎቹን አራገፈ። ፊታቸው በፀሐይ ቀልቷል፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይሳሳቃሉ። የምሥራች የእያንዳንዳቸውን ፊት እየተከተለች አየች። እንዴት እንደ ነበር መጠየቅ ፈለገች፤ ቋንቋው አልነበራትም። እግሯን ሰብስባ አሳለፈቻቸው።