የካንዴላው ቀለም

በየማለዳው፣ ተሳፋሪ ከመግባቱ በፊት፣ ሞተሩን ያስነሳና የረጅሙን ካቻቪት ጫፍ ላዩ ላይ ያሳርፋል። እጀታውን ከጆሮው ሥር ካለው አጥንት ያስጠጋና ዐይኑን ይጨፍናል። እንዲህ ሆኖ ጥቂት ይቆያል። ከዚያ ካቻቪቱን በጨርቅ ይጠርግና ለባለጀልባው በእጁ ምልክት ይሰጣል፤ ገመዱ ይፈታል። በጀልባ ማቆሚያው አካባቢ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጋሼ ጆሮ ነው የሚሉት።

ጀልባዋ ከወዲህ ወደ ማዶ ሰው ታመላልሳለች፤ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፣ የሐኪም ቀጠሮ ያላቸው። መሐል ላይ፣ የድንጋዩን ግንብ አለፍ ሲል፣ ውሃው ወደ ውጭ የሚስብበት ቦታ አለ። እዚያ ሞተር የጠፋበት ጀልባ የሚሄደው ውሃው ወደ ወሰደው ነው። ጀልባዋ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ናት፤ መሪውን የሚይዘውም እሱ ነው። ሞተሩን ግን ከአሮጌ መኪና አውርዶ፣ ጠርቦና አስማምቶ የገጠመው ጋሼ ጆሮ ነው።

የቤንዚን ሞተር እሳቱ በጊዜው መፈንጠቅ አለበት። ፒስተኑ እላይ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው እሳት ሰጪው ካንዴላ ከፈነጠቀ ደኅና ነው። ከዘገየ ሞተሩ ይደክማል፤ በጣም ከቀደመ ደግሞ ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ እሳቱ ይወርድበታል። ጋሼ ጆሮ ይህን የሚያስተካክለው በመስማት ነበር። ጀልባዋ ሰው ጭና በሙሉ ኃይሏ ስትሄድ፣ እሳቱን ለአራቱ ካንዴላዎች የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር በመዳፉ ይዞ፣ እሳቱ እንዲቀድም በዝግታ ያዞረዋል። የሆነ ቦታ ሲደርስ፣ ቆርቆሮ ውስጥ እንደተናወጠ ጠጠር ያለ ቀጭን ድምፅ ይመጣል። እሱን ሲሰማ የፀጉር ያህል ወደ ኋላ ይመልስና ብሎኑን ያጠብቃል። ፋብሪካው ሞተሩ ፊት በሚሽከረከረው ክብ ብረት፣ በፑሊው ላይ የቀረጸው፣ የእሳቱን ጊዜ የሚያሳይ ምልክት ነበር፤ ዝገት ሲያጸዳ አብሮ ሞርዶ አጥፍቶታል። «ምን ይሠራልኛል?» ነበር ያለው።

ዝናቡ ባቆመ ሰሞን ካንዴላዎቹን ሊቀይር ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ቆሻሻው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ዙሪያቸውን በብሩሽ ጠራረገና አንድ በአንድ ፈታቸው። ደኅና የሠራ ካንዴላ ጫፉ የደረቀ ጭቃ ይመስላል። እነዚህ ግን እንደ ኖራ ነጥተዋል፤ ነጩ ሸክላ ላይ ከአሸዋ የደቀቁ፣ ብልጭ የሚሉ ፍሬዎች ተለጥፈዋል። በጥፍሩ ፋቅ አደረገ። የፒስተን ብረት ነው። ቀልጦ የተረጨ።

«ቤንዚኑ ነው» አለ ለባለጀልባው። «ምን እንደሚቀላቅሉበት እነሱ ያውቃሉ።»

አዲሶቹን በእጁ እያዞረ አስገባ፣ በቁልፍ ጠበቅ አደረገ፣ ቤንዚኑንም ከሌላ ማደያ አስቀዳ። ሳምንት ሳይሞላ ፈትቶ ቢያያቸው እነዚያም ነጥተዋል።

በማግሥቱ ባለቤቱ አብራ ተሳፈረች። ሸራ ሰፊ ናት፤ የጀልባዋ ጣሪያ ስለተቀደደ ልትለካ ነው የመጣችው። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከሞተሩ ሣጥን አጠገብ ተቀመጠች። ግንቡን አልፈው ወንድሟ ቤንዚን ሲጨምር ፊቷን አጨማደደች።

«ምንድን ነው እሱ የሚንኳኳው?»

«ምኑ?»

«ይሄው! ጠጠር ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ሲንቋቋ።»

ጋሼ ጆሮ ካቻቪቱን አነሳ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን አጥንቱ ላይ አደረገ፤ ዐይኑን ጨፈነ። የሞተሩ ወፍራም ጉርምርምታ ብቻ ነው የመጣለት። ጠጠር የለም።

«አሁንም አለ?»

«አንተ ሰውዬ ትቀልዳለህ? ጥርሴን አሳከከኝ እኮ!»

ካቻቪቱን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ድምፁ እስኪመጣ ድረስ ነበር እሳቱን የሚያስቀድመው። ድምፁ አልመጣ ስላለው፣ ባስተካከለ ቁጥር እያስቀደመ፣ እያስቀደመ ሄዷል። «ቀንስ!» ብሎ ወደ መሪው ጮኸ። «ቀስ ብለህ አድርሰንና ባዶዋን እንመለስ። ከዚያ በኋላ ሰው አትጭንም።»

ባለጀልባው ገመዱን እያሰረ ለፈለፈ። ነገ ጠዋት የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ማዶ የሐኪም ቀጠሮ ያላቸው አዛውንት አሉ። በመጨረሻም በሆዱ የነበረውን አወጣው።

«ጋሼ፣ አትቀየመኝ። የወዲያኛውን ማቆሚያ መካኒክ ልጥራው?»

«የማን ሞተር ነው?»

«ያንተ ነው፤ ግን ጆሮህ…»

«እስከ ማታ ጠብቀኝ። ካልሆነልኝ ራሴ ሄጄ እጠራዋለሁ። መሣሪያዬንም ለእሱ አስረክባለሁ።»

ባለቤቱ የትም አልሄደችም። «እኔ ደግሞ ስናገር ጆሮ ዳባ ልበስ የምትለኝ መስሎኝ፣ ስንት ጊዜ አኩርፌያለሁ!» አለች። «የወንድሜን ትሰማለህ፣ የእኔን አትሰማም።»

«የእሱ ድምፅ ወፍራም ነው።»

«አሁን ገና ነገርከኝ!»

«አሁን ገና አወቅኩት።»

ሣጥኑን ከፈተ። የመጀመሪያውን ካንዴላ ፈትቶ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ደፈነና ሞተሩን በእጁ ማዞር ጀመረ። አየሩ ጣቱን ሲገፋው፣ ፒስተኑ ለእሳት እየወጣ እንደሆነ ገባው። ቀጭን እንጨት ወደ ቀዳዳው ሰደደ፤ እንጨቱ ከፒስተኑ ጋር ከፍ ከፍ አለ። መውጣቱን ያቆመበትንና መውረድ የጀመረበትን ሁለቱንም፣ ሞተሩ አካል ላይ ካለው ጠቋሚ ትይዩ፣ በእርሳስ ፑሊው ላይ ምልክት አደረገ። ትክክለኛው ጫፍ የሁለቱ መሐል ነው። የመጀመሪያው ሙከራ አላስደሰተውም፤ አጥፍቶ እንደገና ለካ። ሁለተኛውንም አጠፋ። ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር አንድ ቦታ ላይ ሲወድቅ ብቻ ቀና አለ።

«ፋብሪካው ከዚህ አሥር ዲግሪ ይቅደም ይላል» አለ። «የክቡ ሠላሳ ስድስተኛ። ይህን ፑሊ ሠላሳ ስድስት ቦታ በምን ልክፈለው?»

«ለዚህ ነው የተከዝከው?» አለች። ከሸራው ጠርዝ ቀጭን ቁራጭ ቀደደች፣ ፑሊው ላይ አንድ ዙር ጠመጠመችና ትርፉን ቆረጠች። ከዚያ ጉልበቷ ላይ አጠፈችው፤ ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት፣ እንደገና ለሦስት። የመጋረጃ ሽንሽን ስታወጣ የኖረች ሴት ናት፤ እጥፋቶቹ አንዱ ከሌላው አልተበላለጡም። «ያውልህ። አንዷ እጥፋት።»

እጥፋቷን ከጫፉ ምልክት ጀምሮ፣ ፑሊው ሲዞር ቀድሞ በሚመጣው በኩል ለካና በሞረዱ ጠርዝ አዲስ ጭረት አወጣ። ይህኛው በቀላሉ የሚጠፋ አልነበረም።

ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ፑንቲና የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ብረቶች አሉ፤ ሲለያዩ ነው ካንዴላው የሚፈነጥቀው። ክፍተታቸውን በስስ ብረት ለካ። ከዚያ የአሮጌ ፋኖስ አምፖል አምጥቶ አንዱን ሽቦ ከፑንቲናው፣ ሌላውን ከሞተሩ አካል አገናኘ። ጭረቱን ከጠቋሚው ፊት አቆመና ዲስትሪቢዩተሩን በመዳፉ ያዘ። እንደ ድሮው በዝግታ አዞረ። አምፖሏ ጨልማ ቆየችና በራች። ጥቂት መልሶ አጠፋት፤ እንደገና አበራት። በበራችበት ቅጽበት እጁን አቆመና ብሎኑን አጠበቀ። ዲስትሪቢዩተሩ ከነበረበት የተመለሰው የጣት ስፋት ያህል ነበር።

አራቱንም ካንዴላዎች በአዲስ ተካና እሱ፣ ባለቤቱና ባለጀልባው ብቻቸውን በጀልባዋ ወጡ። ባለጀልባው ከግንቡ ወዲህ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ጋሼ ጆሮ ካቻቪቱን አላነሳም፤ የባለቤቱን ፊት ነበር የሚያየው።

«እ?»

«የለም።»

«ደግመሽ ስሚ። ኩርፊያሽን ትተሽ ስሚ።»

ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ሣጥኑ አቀረበች። «የለም አልኩህ። እንደ ጠገበች ድመት ነው የሚለው።»

«ድመቷንስ እሰማታለሁ» አለ።

ባለጀልባው ከመሪው ዞሮ፣ «ታዲያ ሰውየውን ልጥራው?» ሲል ጠየቀ።

«ጥራውና በሰው ፊት ያሳፍርህ!» አለችው እህቱ።

በማግሥቱ ጠዋት አዛውንቱ፣ ሠራተኞቹና ተማሪዎቹ ተሳፈሩ። ባለቤቱ የጣሪያውን ሸራ እየሰፋች ከሞተሩ ሣጥን አጠገብ ተቀምጣለች። ጀልባዋ ውሃው የሚስብበትን ቦታ አለፈች፤ እሷም መርፌዋን አላቆመችም። ማዶ ሲደርሱና ሰው ሲወርድ፣ ጋሼ ጆሮ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ የመጀመሪያውን ካንዴላ ፈታ። አንድ ጉዞ ቀለም ለማውጣት አይበቃም፤ ሆኖም አንድም የሚያብለጨልጭ ፍሬ የለበትም። ወደ ቦታው መለሰና ሁለተኛውን መፍታት ጀመረ።

ሐሙስ ጆሮውን ሊያሳይ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ተራ አስይዛለታለች።