የማስመሪያዋ ሠንጠረዥ

ሠላሳ አንድ ዓመት በጸሐፊነት ያገለገለችውን ሴት ትምህርት ቤቱ በሙሉ «ማስመሪያ» ይላታል። ጠማማ ነገር አይታ አታልፍም፤ የተንጋደደ ማስታወቂያ ታቃናለች፣ የባልደረባ ኮሌታ ሳይቀር ታስተካክላለች። የፈተና ሠንጠረዥ ስታዘጋጅም አንድም ቀን ስህተት ተገኝቶባት አያውቅም።

ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ። ሠንጠረዡን በኢሜይል ለርዕሰ መምህሩ ላከች፤ እሱ ለምክትሉ፣ ምክትሉ ደግሞ ለመምህራኑ አስተላለፈው። ሰኞ ጠዋት ክፍል አራት ውስጥ ሁለት ፈታኞች ተፋጠጡ፤ ክፍል ስድስት ደግሞ ተማሪዎቹ ያለ ፈታኝ ሲንጫጩ ተገኙ።

«እትዬ፣ ደክሞዎት ይሆናል» አለ ርዕሰ መምህሩ። «የነገውን ምክትሌ ይሥራው።»

«እኔ የላክሁት ቀጥ ያለ ነው!» ብላ አትማ ያስቀመጠችውን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። እውነትም ቀጥ ያለ ነው። በምክትሉ ስልክ ላይ ግን ስሞቹ ተንሸራተው ከሌላ ክፍል ሥር ገብተዋል፤ ለምልክት የቀባችው ቀይም ጠፍቷል።

የኮምፒውተር አስተማሪዋ ተጠርታ መጣች። አየችና ሳቋ አመለጣት።

«እትዬ፣ ስሞቹን በምን አሰለፏቸው?»

«ስፔስ እየመታሁ ነዋ! በታይፕ ጊዜ እንደተማርኩት።»

«ጉዱ እሱ ነው። ታይፕ ላይ ፊደል ሁሉ እኩል ቦታ ይይዛል፤ እዚህ ግን ወፍራም አለ፣ ቀጭን አለ። ደግሞ ኢሜይል እንደ ፎቶ አይሄድም። የሚሄደው ጽሑፉና ‹እንዲህ አድርገህ አሳየኝ› የሚል ትእዛዝ ነው። ሲተላለፍ ፕሮግራሙ ትእዛዙን በራሱ መንገድ እንደገና ይጽፈዋል፤ ያልገባውን ይጥለዋል። ተቀባዩም በራሱ ስልክ የፊደል ዓይነት ይከፍተዋል።»

«ታዲያ ሰው ያጠፋውን በእኔ ታላክካላችሁ?»

«ማሽን ያጠፋውን፣ እትዬ።»

ማስመሪያ ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ሠንጠረዡን አፈረሰችና እያንዳንዱን ፈታኝ በየራሱ መስመር ጻፈችው፤ «ማክሰኞ ጠዋት፣ ክፍል ስድስት፣ የታሪክ መምህር» እያለች፣ ያለ ቀለም፣ ስፔስ ሳትደረድር።

«በሉ አስተላልፉት። አምስት ሰው ጋ ዞሮ ይምጣ።»

ዞሮ መጣ። ግማሹ ፊደል ደቅቋል፣ ግማሹ ተነፋፍቷል። ማስመሪያ ፊቷን አጨፈገገች። አንድም የመምህር ስም ግን ከክፍሉ አልተነቃነቀም።

ርዕሰ መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የነገውም የከርሞውም የእርስዎ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ኮሪደሩን ዞረች። በየበሩ አንድ አንድ ፈታኝ ቆሟል። ክፍል ስድስት በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ዘመም ብሏል፤ ነቅላ፣ አቃንታ መልሳ ለጠፈችው። አጠገቡ የቆመው የታሪክ መምህር፣ ወደ እሱ ሳትዞር በፊት፣ ቶሎ ብሎ ኮሌታውን አስተካከለ።