እናቴ ያሰረችው ክንድ

ሰሞኑን የወንድሜን ልጅ ይዤ እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ የእንስሳት መሸጫ ገባሁና፣ መስታወት ውስጥ የተጠቀለለ ቡናማ እባብ ሳይ ግራ እጄ በራሱ ጊዜ ኪሴ ገባ። የማዳጋስካር ደሴት እባብ ነው። አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ያለ፣ ሲያዩት የዋህ የሚመስል።

አሥር ዓመቴ ነበር። ያኔ በምንኖርበት ሰፈር፣ ላንግሊ ፓርክ፣ ከእኛ በላይ ያለው አፓርትመንት ውስጥ የክፍሌ ልጅ ካርመን ትኖር ነበር፤ ልክ እንዲህ ያለ እባብ ነበራት። እናቴ ብታውቅ ጉድ ይፈላል፤ ስለዚህ «ሆምዎርክ ልንሠራ ነው» እያልኩ እወጣለሁ። ቤታቸው የእንጨት ፍቅፋቂና የተጠበሰ ሙዝ ይሸታል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ለእባቡ የምትሰጠውን አይጥ እኔ ካልያዝኩ ብዬ ድርቅ አልኩ። ያዝኩ። ከዚያ ሳልታጠብ እባቡን ልዳብስ እጄን ሰደድኩ። የአይጡ ሽታ ሸቶት ነው መሰለኝ፣ አውራ ጣቴን ጎርሶ ያኝከኝ ጀመር። ካርመን ውኃ አፍስሳበት በስንት ትግል ለቀቀኝ።

ቤት ስደርስ እጄ አብጧል። እባብ እንደነከሰኝ ለእናቴ ነገርኳት። ሻርፗን ከራሷ አውልቃ ከክርኔ በላይ አሰረች፤ ማማሰያ አስገብታ እየጠመዘዘች አጠበቀችው። ታውቅበታለች። ወሎ እያለች፣ በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ ታናሽ ወንድሟን አብዱን እባብ ነድፎት እግሩን እንዲሁ አስራ፣ ደሴ ሆስፒታል እስኪደርስ ቀኑን ሙሉ አልፈታችውም። አብዱ ተረፈ፤ እግሩ ግን ተቆረጠ። መርዙ በላው ተባለ። እኔ «ፍቺልኝ» እያልኩ ሳለቅስ «ዝም በይ፣ ወደ ልብሽ እንዳይወጣ» አለችኝ። አባቴ ከሥራ መጥቶ ኢመርጀንሲ እስኪያደርሰን ጣቶቼ ጠቁረው ደንዝዘው ነበር።

ሐኪሙ መጀመሪያ ያደረገው ሻርፑን በመቀስ መቁረጥ ነው። የትምህርት ቤቱንም፣ የኪራዩንም ወረቀት የማስተረጉም እኔ ነበርኩና፣ እዚያም አስተርጓሚዋ እኔው ሆንኩ፤ ኩራቴ አይጣል ነው። ሐኪሙ ካርመን በወረቀት የጻፈችልኝን የእባቡን ስም አነበበና «የዚህ እባብ መርዛም ጥርስ ከአፉ በስተኋላ ነው፤ ሰው ላይ ከማሳበጥ አያልፍም። እጅሽን ልታጪ የነበረው በእስሩ ነው» አለኝ። ቃል በቃል ነገርኳት። እሷም «ቀኑን ሙሉ ቢታሰርስ በይልኝ» አለች። ጠየቅኩት። «መርዝ ባይኖርም እንኳ የታሰረው አካል ይሞታል፤ ይቆረጣል» አለ። እሱንም አንድ ሳላስቀር አቀበልኳት።

እናቴ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «የአብዱን እግር ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ» አለችው አባቴን። እሱ ጃኬቱን አውልቆ ራሷ ላይ ጣል እያደረገላት «ልጅ ነበርሽ እኮ ዘይነባ» ቢላትም አልሰማችውም። በድንጋጤ የራሴ ሕመም ጠፋብኝ።

ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ልጅ ለእናቱ አያስተረጉምም፤ በስልክ አስተርጓሚ ይጠራል። አውቃለሁ፣ ነርስ ነኝ። አጎቴ አብዱ በየኢዱ ደውሎ «ነፍሴን ያተረፈችውን እህቴን አገናኙኝ» ሲል «ሶላት ላይ ናት በይው» ትለኛለች። የዚያ አገር እባብ ሌላ እንደሆነ፣ እግሩን የበላው መርዙ ይሁን እስሩ ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ስንት ጊዜ ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። እሷ ግን ግራ እጄን ይዛ ትዳብስና «ሐኪሙ ያለውን እኮ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ ልጄ» ትለኛለች።