በካሴቱ ጀርባ የቀዳሁት ዘፈን

ደሴ ያለው የሙዚቃ ቤት ባለቤት በዋግ ቋንቋ፣ በኽምጥኛ ያወጣሁትን ዘፈን «ይኼን ማን ይገዛኛል?» ብሎ መለሰልኝ። ዘፈኑ በድርቁ ዓመት ስለሞተችው እኅቴ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን መሲንቆ ስገዘግዝ ከልቤ የወጣ እሱ አንድ ብቻ ነው። ተናድጄ ሰቆጣ ተመለስኩና ነጋዴ አያስፈልገኝም፣ አድማጮቼን ራሴ አገኛቸዋለሁ አልኩ።

አገኘኋቸው። እነሱ ግን የሚፈልጉት ዘፈን ሳይሆን ስማቸውን ነበር። ያለኝ አንድ ቴፕ ስለማያባዛ እያንዳንዱን ካሴት እንደ አዲስ ተቀምጬ እዘፍናለሁ። የደሃናው ገበሬ «በሬዬንም ጥራልኝ» ይለኛል፤ የጽጽቃው ደግሞ የሚስቱ ስም ከእናቱ ስም እንዳይቀድም ያስጠነቅቀኛል። አንድ ቄስ ዘፈን ኃጢአት መሆኑን አምርረው ከገሠጹኝ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስማቸውን ከነደብራቸው አስገቡ። እኔም ውሻ በበላበት ይጮኻል ነውና፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ካንተ ወዲያ ወንድ ዋግ አልወለደችም» የሚለውን ግጥም ስም እየቀየርኩ ለሁሉም አደልኩት።

በየካሴቱ ጀርባ ግን ማንም ሳያዘኝ የእኅቴን ዘፈን እቀዳ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው ገልብጦ ይሰማታል ብዬ ነው። ገበያ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር «ጀርባውንስ ሰማችሁት?» እላለሁ። «ጀርባም አለው እንዴ?» ይሉኛል።

ደሃና አንድ ሰርግ ተጠርቼ ሄድኩ። መሲንቆዬን ሳልቃኝ የሙሽራው አባት እኔን ያስቀዳውን ካሴት አስከፈተ። ካንተ ወዲያ ወንድ የለም ሲባል ጢሙን እያሻሸ ዳሱን ቃኘ። የሙሽሪት አባት ይኼን ሲሰማ ተነሣና የራሱን ካሴት ከኮሮጆው አውጥቶ ከተተ። ያው ዜማ፣ ያው ግጥም፣ ስሙ ብቻ ሌላ። ጉድ ፈላ! ሁለቱም ዱላቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማናችን ነን ወንዱ? ተናገር!» አለ የሙሽራው አባት።

«ጌታዬ፣ እርስዎም... እሳቸውም...» መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የሚገርመው፣ መዋሸቴን አንዳቸውም አልጠሉትም፤ የጠሉት ለሌላው መዋሸቴን ነው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መላ መቱ።

«ተጋብታችኋል፤ ከእንግዲህ አንድ ናችሁ። በያንዳንዱ ካሴት ጀርባ ሌላኛው አባት ይወደስ። ጀርባው ባዶ አይደል?»

«ባዶስ አይደለም» አልኩ።

ገልብጠው ከፈቱት። የእኔው ድምፅ የእኅቴን ስም እየጠራ ዳሱን ሞላው። ሦስት ስንኝ ያህል ሁሉም ዝም ብሎ ሰማ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«ኧረ ይኼ ሙሾ ነው! በሰርግ ቀን ሟርት!» አለች የሙሽራው አክስት። «አጥፋው!»

አማቾቹ ያን ቀን የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነበር። ቴፑን ጭኔ ላይ አስቀምጠው ከበቡኝ፤ እኔም በገዛ እጄ መቅጃውን ተጭኜ በእኅቴ ላይ ወንድነታቸውን ዘፈንኩባት። ስጨርስ ሁለቱም አቅፈው ሳሙኝ። እስከ ዛሬ ከነሱ የበለጠ የሚወደኝ አድማጭ የለኝም።